ገናው ሁለት፣ ልደቱ አንድ



እኛ የኦዳ ነዋሪዎች ገናን በዓመት ሁለት ጊዜ እናያለን። ኬንያ ዲሴምበር 25 ቀን ታከብራለች፤ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆች ሁሉ ቤታቸው ናቸው። ከ13 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ከድንበሩ ማዶ ገና ይሆናል። በእኛ በኩል ግን ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም አዲሱ የትምህርት ዘመን በሚከፈትበት ሰሞን ይውላል።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ስም ስንጠራ አንድ ተማሪ አልነበረም። እኛም ምክንያቱን ሳንጠይቅ «ቀሪ» ብለን ጻፍን። በማግስቱ ሲመጣ ጓደኞቹ «ገና እኮ አልፏል፤ የእናንተ ያለፈበት ነው» እያሉ ሳቁበት። ልጁ መልስ አጥቶ አቀረቀረ። በልጆቹ አንፈርድም፤ ያላስተማርናቸው እኛ ነን። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ያላስተማርነውን ለማስተማር እንሞክር።

ወንጌል ኢየሱስ ክርስቶስ በቤተ ልሔም መወለዱን ይነግረናል እንጂ ቀኑን አይነግረንም። በሮም ልደቱ ዲሴምበር 25 ቀን ይከበር እንደነበር የሚያሳየው የታወቀ ጥንታዊ መዝገብ በ336 እ.ኤ.አ. የነበረውን የሚያመለክት ነው። ይህ ቀን የተመረጠው ሮማውያን ለፀሐይ ያደርጉት በነበረው በዓል ምክንያት ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ሌሎች ደግሞ ከብሥራቱ ቀን፣ ከማርች 25፣ ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ ነው ይላሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ቆጠራው ይኸው ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ተከትሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል።

ታዲያ ሁለቱ ቀኖች እንዴት ተለያዩ? በድሮው የሮማውያን አቆጣጠር፣ ማለትም በዩልዮስ ቄሣር ዘመን አቆጣጠር፣ የእነሱ ዲሴምበር 25 የእኛ ታኅሣሥ 29 ነበር። ቀኑ አንድ ቀን ነበር ማለት ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮሙ ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያስተካክሉ አሥር ቀን ዘለሉ፤ ከዚያ ወዲህም በየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ይቀነሳል። ኢትዮጵያ በቀድሞው ስለጸናች ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላ 14 ይሆናል፤ የልጅ ልጆቻችሁም የኢትዮጵያን ገና ጃንዋሪ 8 ቀን ያከብራሉ። እንግዲህ የቀደመም የዘገየም ገና የለም። የተለያየው የቀን መቁጠሪያው ነው።

ከቀኑ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የልደቱን ትርጉም ነው። የክርስትና እምነት ገና ሲል፣ የሁሉ ጌታ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰው ሆነ ማለቱ ነው። ማደሪያ ጠፍቶ በግርግም ተኛ። የምሥራቹም መጀመሪያ የተነገረው በቤተ መንግሥት ላሉ ሳይሆን ሌሊቱን ከመንጋቸው ጋር ሜዳ ላይ ለሚያድሩ እረኞች ነው። ፍየልና ግመል ስታግዱ ያደጋችሁ ልጆች፣ ይህን ከማንም በላይ እናንተ ትረዱታላችሁ። በላሊበላ በልደት ዕለት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር፣ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው የሚቀባበሉት የመላእክትና የእረኞች ምሳሌ ሆነው ነው። በገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ ይዘው ይገጥማሉ፤ በዚያ ቀን ጌታው ቢመታ እንኳ አይቆጣም። ዝቅ ማለትን አባቶቻችን በዜማም በጨዋታም ያስተማሩን እንዲህ ነው።

ልደቱ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ማቴዎስ እንደጻፈው፣ ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ ዮሴፍ ልጁንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። ሞያሌ ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዚህ በኩል ግጭት ሲነሳ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በ2018 እ.ኤ.አ. በማርች ወር ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚያ ወደዚህ ተሰደዱ። ያን ጊዜ በር የከፈተ ሰው «ገናህ መቼ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከፈተ። የመርየም ልጅ የዒሳ ልደት በቁርኣንም በሱረቱ መርየም ተነግሯልና፣ ይህ ታሪክ ለሙስሊም ተማሪዎቻችንም እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ አቋማችንን በግልጽ እንናገር። ጃንዋሪ 7 ቀን ለበዓሉ የቀረ ልጅ ሊወቀስ አይገባም፤ ያመለጠው ትምህርትም ሊደገምለት ይገባል። ወላጆች ቀደም ብላችሁ አስታውቁን፤ ለበዓል ብላችሁም ለበግና ለልብስ አትበደሩ፤ በግርግም የተኛው ጌታ ይህን አይጠይቅም። መምህራንም «ቀሪ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ምክንያቱን እንጠይቅ። እናንተም ልጆች፣ ከጓደኛችሁ ገና መሳቅን ትታችሁ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አደረሰሽ» በሉ። ዲሴምበር 25 የእነሱን ዳቦ ቅመሱ፤ ታኅሣሥ 29 የእናንተን አቅምሱ።

ያን ቀን ያቀረቀረው ልጅ ዘንድሮም ከእኛ ጋር ነው። ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ቀና ይላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ለእሱም ለሁላችሁም በሁለቱም ቀን መልካም የልደት በዓል እንመኛለን።