የደደረ መዳፍ በምላጭ አይላጥም



በድንች ቁፋሮ ወቅት ዘንገና ሐይቅ አካባቢ አንዲት እህት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እጇን በነጠላዋ ሸፍና በክንዷ ሰላም አለችኝ። “ምነው እህቴ?” ስላት አፍራ ገለጠችው። ለዘመድ ሠርግ እጇ እንዲያምርላት ብላ የደደረውን የመዳፏን ቆዳ በምላጭ ልጣዋለች። በማግስቱ ዶማ ጨበጠች፣ አፈር ገባበት፣ መግል ያዘ። ድንቹ መሬት ውስጥ እያለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም መያዝ አልቻለችም።

የደደረ ቆዳ በሽታ አይደለም። ቆዳችን በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታሽና ሲጫን ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። እሽታው ድንገተኛና ብርቱ ከሆነ ግን ከመደደሩ በፊት ውኃ ይቋጥራል። እንግዲህ ድንች ለሚቆፍር፣ ለከሰል ዲከረንስ ለሚቆርጥ፣ ቀርቀሃ ለሚሰነጥቅ የአዊ ሰው ይህ ቆዳ ጋሻው ነው። ሕመም የሚያመጣው ከመጠን በላይ ሲወፍርና ሲደርቅ ነው፤ ያኔ ይሰነጠቃል፣ ወይም ውስጥ ጠጠር እንዳለ ሆኖ ይወጋል። የደጋው ብርድና ደረቅ ነፋስ ደግሞ ያብሰዋል።

ስለዚህ ማሳሳት እንጂ ማጥፋት አያስፈልግም። ማታ ሥራ ሲያልቅ እጃችሁን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ያህል ንከሩት። ከዚያ ተረከዝ በምንፈትግበት ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ እሹት። (ይህ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ነው፤ የዘንገናም ጉድጓድ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው።) ቀዩ ቆዳ እስኪታይ አትጠብቁ፤ ዛሬ ጥቂት፣ ከነገ ወዲያ ጥቂት ይበቃል። ቆዳው እርጥብ እያለ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ቀቡትና አሮጌ የጥጥ ካልሲ አጥልቃችሁ ተኙ። ልጆች ይስቁባችኋል፣ ግድ የለም። ከመድኃኒት ቤት ዩሪያ ያለበት ቅባት ማግኘት ከቻላችሁ ይበልጥ ያለሰልሳል። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ግን የደደረውን የሚያሟሟ ስለሆነ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይደረግም።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ድንጋዩንም መድኃኒቱንም ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩ። ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አፈር የገባበት ከሆነ ስለ ቴታነስ ክትባትም ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ግን እጀታው ካልተስተካከለ ከንቱ ድካም ነው። ሸካራ እጀታ ቆዳን ይፍቃል፤ በጣም የቀጠነ ደግሞ አጥብቀን እንድንጨብጥ ያስገድደናል። መጥረቢያው በእጀታው ላይ ከተነቃነቀ በየምቱ መዳፍ ውስጥ ይዞራልና ሽብልቅ ይጨመርበት። ሸካራውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ የቀጠነውን በጨርቅ ወይም በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቅልሉት። ጓንት ከተገኘ በልክ ይሁን፤ የሰፋ ጓንት ራሱ ያሻል። ቀለበታችሁንም ከሥራ በፊት አውልቁ።

የእህታችንን ዶማ እጀታ የበኩር ልጇ እዚያው ቡና እስኪፈላ ድረስ ፍቆ አለሰለሰው። እኔም ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የመጋቢውን መጥረቢያ ነው። ጓንት ማድረግ ያፍራል፤ እጀታውን ግን ሳላስፈቅደው በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ እስካሁን አልፈታውም።