ታሪክም ኢስናድ ይፈልጋል



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ወጣቶቻችን ስለ ሙስሊሙ ታሪክ የተጻፉ አዳዲስ መጻሕፍትን ከጁሙዓ በኋላ ሲዋዋሱ እያየን ነው። አልሐምዱሊላህ! ግን እንዴት ነው የምናነበው?

መድረሳ ሐዲስ ስንቀራ «ማን አለ? ከማን ሰማ?» ብለን እንጠይቃለን። ታሪክ ሲሆን ግን ልባችንን ያሞቀውን የቴሌግራም ጽሑፍ ሁሉ ምንጩን ሳንጠይቅ እናጋራለን። ይህ ትክክል አይደለም።

ቦሩ ሜዳን እንውሰድ። ከ1870ው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና እንዲቀበል አስገደዱ፤ እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች እምቢ ብለው ታገሉ። ይህ እውነት ነው፤ ማጋነንም መሸፋፈንም አያስፈልገውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ ለእኩልነት አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጣ ክርስቲያን ወገኖች አብረውት መውጣታቸውም እውነት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የዘለለ ሰው ቂም እንጂ ዒብራ አያገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የራሳችን ቀዬ ነው። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። የተመረኮዙት በውጭ ተጓዦች ማስታወሻ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በዑለማዎች እጅ የቆዩ ጽሑፎችንና የሽማግሌዎችን ትረካ ሰብስበዋል። የእኛን ማን ሰበሰበ?

በ2015 ከተሞቻችን በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ መስጂዶች ፈረሱ። በታላቁ አንዋር መስጂድ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ልጅ እነዚያን መስጂዶች ማን እንደመሠረታቸው፣ መቼ እንደተሠሩ፣ ማን እንዳቀራባቸው ከየት ያነባል? ፎቶው ከስልክ ይጠፋል፤ ሽማግሌውም ወደ አኺራ ይሄዳል። ያልተጻፈ መስጂድ ደግሞ «ትናንት የበቀለ ነው» ለሚል ሰው ይመቻል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጀመዓ አንድ ደብተር ይግዛ፣ ሁለት ወጣት ይመድብ። የአባቶችንና የእናቶችን ቃል ይቅዱ፤ መሬቱ እንዴት ተገኘ? ቆርቆሮውን ማን አወጣ? የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ? የተናጋሪው ስምና ቀኑ ይጻፍ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከተናገረ ሁለቱም ይጻፍ። የቆዩ ደረሰኞችና ደብዳቤዎች ኮፒ ይደረጉ።

ታሪክ ማንበብ የጀመርነው ሌሎች ስለጻፉልን ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣውም የሚያነበው ይፈልጋል።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።