«ዳይሬክት አድርጌዋለሁ»

የቦይለር ቴርሞስታት ሲበላሽ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጥ አንድ ፈጣን መድኃኒት አለ፦ «ዳይሬክት አድርጌዋለሁ።» የሚገባውና የሚወጣው ሽቦ ተገናኝቶ በናስትሮ ይጠቀለላል። ውኃው ይሞቃል፣ ባለቤቱ ያመሰግናል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ይሄ ግን ጥገና አይደለም። አደጋውን ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፍ ነው።

ቴርሞስታቱ ምን ይሠራ ነበር? ውኃው እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ መብራቱን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሰጣል። ብዙዎቹ ሁለተኛ መቁረጫም አላቸው፤ ዋናው ተጣብቆ ቢቀር ውኃው ሳይፈላ የሚያቋርጥ። ዳይሬክት ሲደረግ ሁለቱም የሉም። የቀረችው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ናት። እሷም በኖራ ከተደፈነች፣ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ውኃ እያፈላን ነው።

ቴርሞስታት ራሱን ችሎ ለመቀየር ያን ያህል ከባድ ዕቃ አይደለም። አብዛኛው በደረቅ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ስለሆነ ውኃ ማፍሰስ እንኳ አያስፈልግም። የሚያስፈራው ሽቦው ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ሦስት ጥቁር ገመዶች ይጠብቋችኋል። የቱ ፌዝ፣ የቱ ኒውትራል፣ የቱ ኧርዝ ነው? የአይኢሲ ደረጃ ቡናማ ለፌዝ፣ ሰማያዊ ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ለኧርዝ ያለው እኮ ለጌጥ አይደለም። ቀለሙ ሽቦውን የዘረጋው ሰው ለማያውቀው ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። በእኛም ሙያ «ይሠራል እኮ» እያሉ ማብራሪያ ሳይጽፉ የሚሄዱ ሞልተዋል። ልዩነቱ፣ የእኛ ዝርክርክነት እንቅልፍ ይነሳል፤ የ220 ቮልት ዝርክርክነት ሰው ይገድላል።

«ድህነት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ኧርዝ መቅበር ገንዘብ እንደሚጠይቅ አልክድም። ግን የገመድ ጫፍ ላይ በማርከር አንዲት ፊደል መጻፍ ስንት ያስወጣል?

«ብሬከር አለኝ» የሚልም አለ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ እናንተን አይደለም። 1500 ዋት ቦይለር ወደ 7 አምፔር ስለሚስብ 16 አምፔር ብሬከር ይገጠምለታል። ሰውን ለመግደል ግን 30 ሚሊአምፔር ሊበቃ ይችላል፤ ከ500 እጥፍ በላይ ያነሰ ማለት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በስሕተት ኒውትራሉ ላይ ከገባ ደግሞ «አጥፍቻለሁ» ብላችሁ የምትነኩት ዕቃ ፌዝ እንደያዘ ነው።

«ታዲያ ባለሙያ ጥራ!» እሺ፣ ይጠራ። ግን ያን ሦስት ጥቁር ገመድ የዘረጋውስ ማን ነበር? ባለሙያ ተብሎ የተከፈለው ሰው አይደለም እንዴ? ሙያ የሚታወቀው በካቻቪቴ አያያዝ አይደለም፤ ከሄዱ በኋላ በሚተዉት ነገር ነው።

ስለዚህ ራሳችሁም ቀይሩት ሰው ጥሩ፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። ዋናውን ብሬከር ዝጉ። መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ገመድ ምልክት አድርጉበት። ኧርዝ ከሌለ አቁሙ፤ መጀመሪያ እሱ ይሠራ። የጠራችሁት ሰው «ዳይሬክት ላድርገው?» ካለ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ለአንድ ሳምንት በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ማንንም አልገደለም።