«ተገኘ» ስንል

አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለ ብሉዝ ተጫዋቹ ስለ ፍሬድ ማክዳወል ሲጽፉ ታሪኩን የሚጀምሩት ከ1959 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አለን ሎማክስ የተባለው የዘፈን ሰብሳቢ መቅረፀ ድምፁን ይዞ ሚሲሲፒ ውስጥ ኮሞ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ፤ አንድ ጥጥ ለቃሚ ገበሬ ጊታር ሲጫወት ሰማ፤ «አገኘው»። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ «አገኘው» የሚሉት ቃል ነው።

ለመሆኑ ሰውየው ጠፍቶ ነበር እንዴ? ያኔ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀን እርሻ፣ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ሲል የኖረ ነው። የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ያላወቁት የሸክላ ነጋዴዎች ናቸው! ሎማክስ መቅረጹ ውለታ ነው፤ አልክድም። ግን አልሰማሁም ማለትና አልነበረም ማለት ለየቅል ናቸው።

«ጥሬ ጥበብ ነው» የሚሉም አሉ። እስቲ ጆሯቸውን ይስጡ! ሴንጢ፣ የተሞረደ የከብት አጥንት፣ ኋላም የጠርሙስ አንገት በጣቱ አድርጎ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እንደ ሰው ጉሮሮ እየተሳበ ይሄዳል። ስንኙን ጀምሮ ይተወዋል፤ ጊታሩ ይጨርስለታል። ይህ የብዙ ዓመት ትምህርት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ወንበር የለውም።

«ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 ‹ስቲኪ ፊንገርስ› ላይ ዜማውን ባይጫወቱለት ማን ያስታውሰው ነበር?» ይሉናል። መልሱ ቀላል ነው፦ አር. ኤል. በርንሳይድ! እሱም የዚያው አገር ገበሬ ነው፤ ማክዳወልን እያየ ተማረ፤ ያንን አጨዋወት ለተከታዩ ትውልድ አስረከበ። ቦኒ ሬይትም ብትሆን ከጎኑ ቁጭ ብላ የተማረች ናት። የአንድ ሰው ተጽዕኖ የሚለካው በተማሪዎቹ ነው ወይስ ዜማውን በሸጡለት?

ደግሞ አወቅነው ያሉት ሰዎች ምን ያህል አወቁት? ቴነሲ ውስጥ ሮስቪል የተወለደውን ሰው «ሚሲሲፒ ፍሬድ» ብለው ሸጡት። በ1972 ሲሞት መቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ ስሙን እንኳ አሳስቶ ጻፈ። ትክክለኛ ስሙን የያዘ ሐውልት የቆመለት በ1993 ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ስም ተኛ!

እንግዲህ ጓዶች፣ ስለዚህ ሰው የምትጽፉ ሁሉ ከ1959 አትጀምሩ። ከሮስቪል ጀምሩ፤ ስሙንም አስተካክላችሁ ጻፉ።