ጅቡን የጠራው ማን ነው?

ጅብ ሰፈር ገባ በተባለ ቁጥር የሚሰጠው ምክር ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ «ተኩሱበት»፣ ሁለተኛው «መርዝ አኑሩለት» የሚል ነው። ሁለቱም ምክሮች የሚነሡት ጥፋቱ የአውሬው ብቻ ነው ከሚል ሐሳብ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እንላለን። ጅቡን ወደ ሰፈራችን የጠራው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በጅቡ ዐይነ ምድር ውስጥ ተገኝቷል። በትግራይ የተካሄደና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ የጅቦችን ዐይነ ምድር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወራትና ከፋሲካ በኋላ ሰብስቦ በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምሯል። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር ከመቶ 14.8 ነበር፤ በጾሙ ወራት 33.1 ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ አጥንቱና አንጀቱ ከየጉድባው ይጠፋል። ጅቡም በለመደው ሰዓት መጥቶ ባዶ ሲያገኘው ወደ አህያው ይዞራል። እንግዲህ የጅቡ ማዕድ የእኛው ማዕድ ትራፊ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ከየት ይመጣል?

ወደ አዲስ አበባም ብንመለስ ነገሩ ያው ነው። ከእንጦጦ በኩል ቁልቁል በሚወርዱት ወንዞች፣ በቀበናም ሆነ በቀጨኔ፣ ቆሻሻ ይጣላል፤ በበዓል ማግስት ደግሞ ጨጓራው፣ ቀንዱና አጥንቱ ከአጥር ውጭ ይወረወራል። ቀን የጣልነውን ጅብ ሌሊት በሸለቆው ተከትሎ ይመጣል። አሥር ጅብ ቢገደል ምግቡ እስካለ ድረስ ቦታውን ሌላው ይይዘዋል። መርዝም ቢሆን ለይቶ አይገድልም፤ የጎረቤትን ውሻና ጥንብ አንሣውን ጭምር ይጨርሳል።

በሌላ ወገን «ጅብ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ጠራጊያችን ነውና ተዉት» የሚሉ አሉ። እውነትም አላቸው። በመቀሌ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባ ሰንጋን የመሰለውን በሽታ እንደሚቀንሱ አስልቷል። ሐረርም በጀጎል ግንብዋ ለጅብ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ በዐሹራ ቀንም ገንፎ ይቀርብለታል።

ነገር ግን ጥቅሙ ለማን፣ አደጋውስ ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። የግንብ አጥርና የብረት በር ያለው ሰው የጅብ ጩኸት ሲሰማ ብርድ ልብሱን ስቦ ይተኛል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በድልድይ ሥርና በላስቲክ መጠለያ ከነልጆቹ የሚያድረው ወገናችን ግን የተኛው ጅቡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። በጉን ያረደው አንዱ፣ የሚነከሰው ሌላው ነው። ይህን ፍርደ ገምድልነት አይቶ ዝም ማለት ከተማረ ሰው አይጠበቅም።

ስለዚህ፣ ውድ ጓደኞቻችን፣ የምንለው ይህን ነው። አጥንትና ፈርስ ወንዝ ውስጥ መጣሉ ቀርቶ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። በጾም ወራት አህያና ፍየል በጠንካራ በረት ይደሩ። በበዓል ማግስት የሚነሣው ቆሻሻ ከትልልቁ ጎዳና ይልቅ ከወንዝ ዳር ሰፈሮች ይጀምር። ከሁሉም በላይ ደጅ ለሚያድረው መጠለያ ይሰጠው። እኛም የበኩላችንን እናድርግ፤ የተማሪዎች ኅብረት ለመጪው ፋሲካ ማግስት አካፋና ጆንያ ያዘጋጅ፣ እኛም ከግቢያችን በታች ወዳሉት ሰፈሮች ወርደን ከነዋሪው ጋር እንሥራ።

ያገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። ልጅ ከተነከሰ በኋላ ጠመንጃ መፈለግም ከዚሁ የተለየ አይደለም። መጮኽ ካለብን አጥንቱ ሳይጣል እንጩኽ።