ድምፁ ከመቆጠሩ በፊት ሐሳቡ ይሰማ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ምን አገባው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያገባዋል ባይ ነኝ። ዛሬ ብዙ የዜና ድረ ገጾች የሚሠሩበት ዎርድፕሬስ የተጻፈው በአብዛኛው ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ብቻውን የሚያዝበት ኩባንያም የለም። ታዲያ አንድ ነገር ይቀየር ሲባል ማን ይወስናል?

መልሱ ድምፅ ነው። ከ2011 ጀምሮ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውይይት ይደረግበታል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። ድምፅ የሚሰጡት በዋናነት ለቋንቋው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ማን ምን እንደመረጠ በስሙ ይታያል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ማንኛውም ለውጥ ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል።

በ2015 የተሰጠውን ድምፅ እንመልከት። አንድ ፕሮግራመር የሚቀበለው ነገር ቁጥር ይሁን ጽሑፍ በግልጽ መጻፍ ይቻል ዘንድ የቀረበው ሐሳብ 108 ለ48 አለፈ። ከ156 ድምፅ ሁለት ሦስተኛው 104 ነው። አራት ሰው ብቻ ነው እኮ የተረፈው! ሆኖም ከዚያ በፊት ሐሳቡ ብዙ ክርክር ገጥሞት፣ ተነሥቶ፣ እንደገና ተሻሽሎ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ውጤቱ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የውይይትም ውጤት ነበር።

የ2019ኙ ግን ሌላ ነው። የፒኤችፒ ኮድ የሚጀመርበት አጭር ምልክት ቀስ በቀስ ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቦ አስፈላጊውን ድምፅ አገኘ። ጠንካራው ተቃውሞ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ምልክቱ ከቀረ የቆዩ ድረ ገጾች ኮዳቸውን ሊያሠሩ ቀርቶ እንዳለ ለጎብኚው ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ኮዱ ውስጥ የይለፍ ቃል ካለም አብሮ ይታያል። ሐሳቡ ተሻሽሎ ለሁለተኛ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥበት ወደቀ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ደንቡን የጣሰ አልነበረም። ጉድለቱ መነገር የነበረበት ነገር በጊዜው አለመነገሩ ነው።

እዚህ ላይ፣ “ድምፁን ለተጠቃሚው ሁሉ ስጡት፣ ችግሩ ያበቃል” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዛሬ መርጦ ነገ የሚሄድ ሰው የመረጠውን ኮድ ለዓመታት የሚጠግነው እሱ አይደለም። ሸክሙን የሚሸከም ሰው ቢወስን ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚሸከመው ሰው የሌላውን ጉዳት ላያይ ይችላል። አሮጌ ድረ ገጽ ይዛ የምትሠራ ትንሽ ዝግጅት ክፍል ድምፅ ባይኖራትም ጆሮ ያስፈልጋታል።

በበኩሌ ሁለት ነገር ቢጨመር ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ የቆየ ነገር የሚያስቀር ሐሳብ ሲሆን የውይይቱ ጊዜ ይርዘም፤ ሁለት ሳምንት እኮ ሩቅ ላለ ሰው ወሬው እስኪደርሰው ያልፋል። ሁለተኛ፣ “አዎ”ም ሆነ “አይ” ያለ ሰው ምክንያቱን ሁለት መስመር ይጻፍ። ስም ብቻ ማን እንደመረጠ ይነግረናል እንጂ ለምን እንደመረጠ አይነግረንም። ሥራው በበጎ ፈቃድ ነው፣ አታብዙበት የሚል ካለ፣ የተላለፈን ውሳኔ እንደገና መክፈት ከሁለት መስመር የበለጠ ያደክማል እላለሁ።

ታዲያ አንድ ሰው ቢወስን አይቀልም? የፓይተን ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም የመጨረሻውን ቃል ለብዙ ዓመታት ብቻውን ይሰጥ ነበር። በ2018 በአንድ ለውጥ ላይ ከተነሣው ከባድ ክርክር በኋላ በሐምሌ ወር ኃላፊነቱን ተወ። በዚያው ዓመት ዋነኞቹ ሠራተኞች ድምፅ ሰጥተው አምስት አባላት ያሉት የመሪዎች ምክር ቤት እንዲቋቋም ወሰኑ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የተባለው ለዚህ ነው።

ድምፅ መስጠት ይቅር አልልም። ድምፅ ግን የክርክር መቋጫ እንጂ ምትክ አይደለም። እኛም በክፍላችን አንድ ነገር ለመወሰን እጅ አውጡ ስንባል ከመቁጠር በፊት አንድ ጥያቄ ብናስቀድም መልካም ነው፦ ይህ ውሳኔ የሚነካው፣ እዚህ ግን የሌለው ማነው?