የአብራሪው ስንቅና የመምህሩ ፊርማ

መንገደኛ ሁሉ እንደ መንገዱ ይሰንቃል። ግሸን ማርያምን ሊሳለም አምባሰልን የሚወጣ ሰው በሶውንና ምርኵዙን ይይዛል፤ ከሐይቅ ገበያ የሚመለስ ነጋዴ አህያውን ይጭናል። ትንሽ አይሮፕላን የሚያበር ሰው ግን የሚያስጨንቀው ምን ልያዝ የሚለው ሳይሆን ምን ልተው የሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎችና ለወጣት የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚተርፍ ትምህርት ያለ ይመስለኛል።

ነገሩን ለመረዳት የሐይቅንና የአምባሰልን ሰማይ ማሰብ ይበቃል። የሐይቁ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከአምባሰል ተራሮችም ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ አሉ። አየር ወደ ላይ በወጣ መጠን ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ስለሚያንሰው፣ የተለመደው የትንሽ አይሮፕላን ሞተር በ2,000 ሜትር ከፍታ ከጕልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስስ ነውና ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ይሻል፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ሜዳ ያለ ችግር የሚነሣው ጭነት፣ በኮምቦልቻ ሜዳ በቀትር ጊዜ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አስተዋይ አብራሪ ምን ይይዛል? ካርታና ኮምፓስ፣ ሰዓት፣ እርሳስና ወረቀት፣ የእጅ ባትሪ ከመለዋወጫ ድንጋዩ ጋር፣ የመጠጥ ውኃ፣ ክብሪት፣ የቍስል መጠቅለያ፣ ብርድ ልብስ። ነዳጁ ውኃ የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን ቀድቶ የሚያይባት ትንሽ ብልቃጥም አለችው። ሰዓቱ ጌጥ አይደለም፤ የቀረውን ነዳጅ በደቂቃ የሚቈጥርበት ነው። ብርድ ልብሱም ለምቾት አይደለም፤ በተራራ መካከል ሳይታሰብ ለወረደ ሰው የሌሊት ሕይወት ነው። በአብራሪዎች ዘንድ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ አንድ የቆየ አባባል አለ፦ ለአብራሪ የማይጠቅሙት ሦስት ነገሮች ከበላዩ ያለ ሰማይ፣ ከኋላው የቀረ ሜዳና በምድር የተወው ነዳጅ ናቸው ይባላል። ጭነት መቀነስ ግድ ከሆነ ጆንያው ይቀራል እንጂ ነዳጁ አይቀርም ማለት ነው።

በዚህ በወሎ ሰማይ ትንንሽ አይሮፕላኖች የተሸከሙት ነገር ቀላል አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የተባሉት ጥቍር አሜሪካዊ፣ መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባሩ መልእክት ያመላልሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በደሴ ሳሉ ከተማይቱ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ ተደበደበች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የቀይ መስቀሉን ሐኪም ዶክተር ማርሴል ጁኖን ይዘው ቆረም ወረዱ፤ አይሮፕላናቸውን ግን የጠላት አይሮፕላኖች በምድር ላይ አቃጠሉባቸው። እኚሁ ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1974 ኢትዮጵያ በረኃብ በተጐዳች ጊዜ በትንንሽ አይሮፕላኖች እህል ከአየር እየጣሉ ለተራበው ሕዝብ አድርሰዋል። መልእክት፣ መድኃኒት፣ እህል፤ ከእነዚህ የሚበልጥ ጭነት የለም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን አብራሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ መምህራንም ነበሩ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከፈረንሳውያን መምህራን ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ሮቢንሰን በአሜሪካ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከበረራ ትምህርት ቤት ስለ ተከለከሉ፣ በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ትምህርቱን ከዳር ቆመው ይሰሙ እንደ ነበር ይተረካል። ትምህርትን እንዲህ በጭንቅ ያገኘ ሰው ለሌላው አይሰስትምና፣ ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው መጥተው የእኛን ወጣቶች አስተማሩ፤ በ1946 ዓ.ም. ከደረሰባቸው የአይሮፕላን አደጋ ሳይድኑ እዚሁ ዐረፉ። ቮን ሮዘንም በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት አሠልጥነዋል፤ በ1969 ዓ.ም. ጐዴ ላይ ሞቱ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይዋደዱም ነበር፤ መምህርነታቸውን ግን ይህ አይሽረውም።

እንግዲህ አብራሪው ከሚይዘው ሁሉ ክብደት የሌለው፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለ። እርሱም በበረራ መዝገቡ ላይ ያለው የመምህሩ ፊርማ ነው። ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሚነሣው መምህሩ «ይህ ሰው ብቻውን ሊበር ይችላል» ብሎ ስሙን ካኖረበት በኋላ ነው። መምህሩ የሚፈርመው ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ሰው ነፍስ ነው። «ምከረው ምከረው፣ አልሰማ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው፤ በምድር ላይ መከራ የመከረው ሰው ምናልባት ሁለተኛ ዕድል ያገኝ ይሆናል፤ በአየር ላይ ግን መከራ መምህር በሆነ ጊዜ ተማሪው ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

ይህ ሥርዐት ለሐይቅ አገር እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ተምረው ወጡ። እርሳቸው ራሳቸውም በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ሥር ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ዛሬም የቅኔ ወይም የዜማ ሊቅ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ አስቀድሞ መምህሩን ይጠራል እንጂ ወረቀቱን አያወጣም።

እኛስ? ዲፕሎማችንን ተቀብለን ወንበር ላይ ስንቀመጥ ከፊታችን የሚቀርበው የመጀመሪያው ነገር ፊርማችንን የሚጠብቅ ወረቀት ነው። አብራሪው ነዳጁን በዓይኑ ሳያይ አይነሣም፤ እኛ ግን ያላየነውን መጋዘን ሙሉ ነው ብለን፣ ያልረገጥነውን መንገድ ተሠርቷል ብለን እንፈርማለን። የአብራሪው ስሕተት በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ የእኛ ስሕተት ከዓመታት በኋላ የሚታየው በማናውቀው ገበሬ ቤት ነው። የሚገሥጸንን አሮጌ ጸሐፊ ወይም የሒሳብ ሹም ዘመን ያለፈበት ሰው ነው ብለን የምንንቅ ከሆነ፣ በገዛ እጃችን ነዳጁን በምድር ትተን እንደ ተነሣን ይቈጠራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ በአየር ኃይሉና በሲቪል አቪዬሽኑ ያስተማሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ትዝታቸው ይጻፍ፤ ያወጡአቸው ተማሪዎች ስም፣ የሰጡት ተግሣጽ፣ ሊፈርሙ እንቢ ያሉበት ቀን ሁሉ ይመዝገብ። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ይበቃል፤ በደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ቢጀምረው ደግሞ እጅግ ያምራል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን በሥራችን ላይ «ይህ ሰው ብቻውን ሊሠራ ይችላል» ብሎ ስሙን ሊያኖርልን የሚደፍር መምህር እንፈልግ። ያን ፊርማ ሳንይዝ የሌላውን ወረቀት ለመፈረም አንቸኵል።